ስልሳ አራት ኪሎ ስለምትመዝነው ሕፃን

በዱዋላ ለሕፃናት ክብደት መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም አዘጋጅ ክፍል ኃላፊ፣

ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ሰውነትዎ በእርስዎ ፕሮግራም ሳይሆን በእውነተኛ ሚዛን ተለክቶ ጤናማ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ በኩምባ የምኖር፣ የአሥራ አራት ወሯ የንቱቤ እናት ነኝ። ልጄ በጤና ጣቢያችን ስትመዘን ስድስት ነጥብ አራት ኪሎ ሆነች፤ ሲስተር ኤኖንጋም እኛ እንግሊዝኛ የተማርን ሁሉ እንደምንጽፈው 6.4 ብላ በነጥብ ጻፈች። ፕሮግራምዎ ነጥቧን ዋጠና በኮምፒውተሩ ላይ ባለው የክብደት ሣጥን ውስጥ «64» ብሎ አሳየን፤ ከሥሩም በቀይ «ከመጠን በላይ ወፍራም፤ ለከሱ ሕፃናት የሚታደለው የለውዝ ምግብ አይሰጣት» የሚል ምክር ጨመረ። አባቷ እንኳ ስልሳ አንድ ነው የሚመዝነው።

ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1. እናንተ ፈረንሳይኛ የተማራችሁት በነጥብ ፈንታ 6,4 ብላችሁ በነጠላ ሰረዝ እንደምትጽፉ ሰምተን በሰረዝ ሞከርን። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ በእንግሊዝኛ የተሰናዳ ነውና ሰረዙን እሱ ጣለው። በአንድ አገር ሁለት ዓይነት አጻጻፍ መኖሩን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ክቡርነትዎ ግን ገበያ የሚወጡ አይመስለኝም።

2. ሲስተር ስትደውልላችሁ «እኛ ጋ እኮ ቆንጆ አድርጎ ነው የሚያሳየው! ችግሩ ከእናንተ ነው» አላችኋት። እናንተ ጋ የተራበ ሕፃን ስለሌለ ቆንጆ መሆኑ አይደንቀኝም።

3. ሲስተር እንባዋ እየመጣ «እህቴ፣ መክሳቷን እኔም በዓይኔ አያለሁ፤ ግን ያለ ኮምፒውተሩ ወረቀት መጋዘኑን ማን ይከፍትልኛል?» ትለኛለች። መጋዘኑ በለውዝ ምግብ ሞልቷል፤ ለልጄ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባታል።

ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። ቀዩ በእውነት ያምራል፤ የአንዲት ነጥብ ቦታ ማግኘት ላቃተው ሰው ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን ንቄዎታለሁ፤ ንቀቴን በጨዋ ቋንቋ ለማቅረብ የተቻለኝን ያህል ደክሜያለሁ።

የልጇን ክብደት በክንዷ የምታውቅ፣ የሣጥንዎ ትሑት አገልጋይ፣
መሶዴ ኤካኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ንቱቤን ደግመን መዘንናት። አምስት ነጥብ ዘጠኝ ሆናለች። ሣጥንዎ «59» ብሎ አሳየና፣ እንደ ልማዱ በሚያምር ቀለም፣ አሁን ግን በአረንጓዴ፣ «ክብደት ቀንሳለች፤ እንኳን ደስ አላችሁ፤ በዚሁ ቀጥሉ» ብሎናል።