አባባ ያላስደፈኑት ጉድጓድ

በኩዌት ለምትገኘው፣ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ሐሳነይን፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ረውሒያና ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? ሙቀቱ አልበረታባችሁም? እኔ እኅትህ ንዕማት ደኅና ነኝ ልልህ ነበር፤ ደኅና አይደለሁም።

በዳዊ በትኩሳት ሞተ ተብሎ የተላከልህ መርዶ ውሸት ነው። ወንድማችንን የገደለው አባባ ከመኝታ ክፍላቸው ሥር ያስቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ከተማችን እስና በጥንቱ የፈርዖኖች ቤተ መቅደስ ላይ የተሠራች ናትና አንድ ሼህ "ካልጋህ ሥር የፈርዖን ወርቅ አለ" ቢላቸው ልባቸው ሸፈተ። አፈሩን በአህያ ስናወጣ ለጎረቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው እንል ነበር። ያቺ ነገረኛ ጎረቤታችን ኡም ሰይፍ "ምነው፣ የእስና ሰው ሁሉ እናንተ ቤት ሊቀመጥ ነው እንዴ?" ብላ ስትተርበን እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

በረመዳን አጋማሽ በዳዊ "አባባ፣ ከሥር ውሃ እየመጣ ነው፣ ግድግዳው አላማረኝም" አላቸው። "ፈሪ፣ ውረድ" አሉት። ወረደ፣ ተናደበት። ከጆሮው ጭቃውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ሐኪምም ፖሊስም ሳያየው ቀበርነው።

በሐዘኑ ምክንያት የዒዱን ብስኩት እንኳ አልጋገርንም። በዒዱ ማግስት ሼሁ ተመልሶ መጣና ወርቁን የሚጠብቀው ጂኒ ደም ይሻ ነበር፣ አሁን ድርሻውን ወስዷል፣ መንገዱ ተከፍቷል አላቸው። አባባ አለቀሱ። ይተዉታል ብዬ ስጠብቅ "አሁን ባቆም የልጄ ደም ከንቱ ይቀራል" ብለው አካፋ አነሡ። ነገ ከሰዓት የሚወርደው ባሌ ራጊብ ነው። የወንድማቸው ልጅ ስለሆነ እምቢ አይላቸውም፤ እኔ ለምኜው ለምኜው አንደበቴ ደረቀ።

አንተ እንድትገሥጻቸው ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ደብዳቤው እስኪደርስህ ግን ማን ይጠብቃል? ነገ በጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። አባቷን ያሳሰረች ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ለእናታችን ነግሬያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንተ ግን አትቀየመኝ፣ ወንድሜ። የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ።

ረውሒያን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ። እናታችን ዱዓ እያደረጉልህ ነው። ራጊብም ሰላም ብሎሃል። አባባ ማንበብ ስለማይችሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። "ሰላም በይልኝ፣ ወርቁ ሲወጣ ከሰው አገር አስመጣዋለሁ ብሏል በይው" እያሉኝ ነው።

እኅትህ ንዕማት
እስና፣ ሸዋል ፭ ቀን ፲፬፻፬ ዓመተ ሒጅራ