ጠዋት የሚዋጠው መድኃኒት

ውድ አባቴ፣

እንደ ወጉ ጤናዎን ልጠይቅ ነበር፤ ግን መልስዎን አውቀዋለሁ። ስልክ ስደውል «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉና ይዘጉብኛል። ጎረቤትዎ የኔነሽ ደግሞ ወገዳ ገበያ ስትወጣ ደውላ ሌላ ነገር ትነግረኛለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ደረትዎን ይዘው ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀመጡ አሉ። ለጎረቤት የሚታይ ነገር ለልጅ ይደበቃል? እንግዲህ በወረቀት መጣሁብዎ፤ ይኼ እንደ ስልኩ አይዘጋም።

አባዬ፣ እኔ ደክሞኛል። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ዕለት ሐኪሙ እኔው ፊት ነው የነገረዎ። የልብዎ ደም ሥር ተዘግቶ ነበር፣ ሕመሙ ቢተውዎትም መድኃኒቱን በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ይዋጡ አለ። እርስዎም አንገትዎን ደፍተው እሺ አሉ። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ልጠይቅዎ ብመጣ መድኃኒቱ ከነእሽጉ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። የረሱት መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ፊቴን አይተው በእርጋታ አስረዱኝ፤ በጾሙ በየዕለቱ ስለሚቀድሱ ጠዋት ውኃ እንኳ አይቀምሱም፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ደግሞ ጠዋቱ አልፏል።

«ታዲያ ማታ አይውጡትም?» አልኩ።

«ልጄ፣ የነግህ ጸሎት በሠርክ ይደርሳል እንዴ?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ሌላው ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ሐኪሙን አልሰማም ብሎ ነው፤ እርስዎ ግን አጥብቀው ሰምተውት ነው የተዉት። ሐኪሙም ጥምጥምዎን እያየ ጠዋትዎን በምን እንደሚያሳልፉ አልጠየቀ፣ እርስዎም አልነገሩት። ንፋስ መውጫ ተመልሼ ያንኑ ሐኪም በስልክ አገኘሁት፤ ማታም ቢዋጥ ይሠራል፣ የሚገድለው ማቋረጡ ነው አለኝ። ያንን ብነግርዎ ደግሞ ሥርዓት በስልክ አይሻርም አሉኝ። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፤ ያውቁታል።

ቢቸግረኝ ቤተ ልሔም ደብር ድረስ ሄጄ የንስሐ አባትዎን አባ ወልደ ሰንበትን አገኘኋቸው። ልጅ አባቷን ስትከስ ደስ አይልም፤ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡኝም፤ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ ጾሙን ውሎ ማታ እህል ይቀምሳል ወይ አሉ። ይቀምሳሉ አልኩ።

«እንግዲያስ ከእህሉ ጋር መድኃኒቱን ይዋጥ። ቀኖና ሰጥቼዋለሁ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ። ቢያስታጉል በማግስቱ መቅደስ እንዳይገባ።»

ይኸው ቃላቸውን አድርሻለሁ። እንደማይሽሩት አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርዎ አባዬ፣ ቅር ብሎኛል። የእኔ እንባ ይህን ሁሉ ጊዜ ያልቻለውን እሳቸው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጨረሱት። ከእናቴ ወዲህ ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ቢያምዎ የምሮጠው እኔ ነኝ፣ ቢሞቱ የምቀረውም እኔ ነኝ። ቢሆንም ግድ የለም። ለእኔ ብለው ባይውጡት ለመቅደሱ ብለው ይዋጡት። ብቻ ይኑሩልኝ።

ሲቀድሱ በጸሎትዎ ያስቡኝ። ይህን የምልዎ ግን የማታውን ውጠው ካደሩ ነው።

ልጅዎ ሐረገ ወይን
ከንፋስ መውጫ