የቅምሻ ክፍሉ አራተኛ ደንብ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሔኖክና ከዲጃ ከተድላ አጠገብ ቆመው ቡና መቅመስ እንደማይችሉ በጽሑፍ አመለከቱ። አንድ ገጽ። ሁለቱም ፈርመዋል።

ሌላው እንደ ወትሮው። ስምንት ናሙና ቆላን፣ ስድስቱን ቀመስን። አራቱ ከቦንጋ ዙሪያ፣ ሁለቱ ከቢታ። ከሰዓት ዝናብ።

ማመልከቻው «የሰውነት ጠረን» ይላል። ከዲጃ የመረጠችው ቃል መሆን አለበት፤ ሔኖክ ቢሆን ሌላ ቃል ይጽፍ ነበር። ያም ሆነ ይህ ልክ ናቸው። ሥራችን ማሽተት ነው። የተፈጨ ቡና ላይ የፈላ ውሃ አፍስሰን፣ ጎንበስ ብለን፣ በአፍንጫችን ለገበሬው ቡና ደረጃ እንሰጣለን። አጠገብ የቆመ ሰው ከሸተተ የስኒው ሽታ ይጠፋብናል።

እኔን አልሸተተኝም? ሸቶኛል። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ። ላብ፣ እርጥብ ጨርቅ… ለማንም አልተናገርኩም።

ተድላ የቢታ ገነት ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ። የካቲት ማለቂያ ላይ ገባ። የሙከራ ጊዜው ስልሳ የሥራ ቀን ነው፤ ግንቦት 8 ያልቃል። ይቀጠር አይቀጠር የሚለውን ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝ። እዚህ ክፍል ከገቡት ቀማሾች ሁሉ በአፍንጫ የሚበልጠው እሱ ነበር።

«ነበር» ብዬ ጻፍኩ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ዝናብ። መብራት የመጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሳልነግረው ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ቦታ ቀየርኩለት። ከጠረጴዛው ጫፍ፣ መስኮቱ ጋ። ምክንያት አልሰጠሁም። «እሺ እትዬ» አለና ማንኪያውንና የቀመሰውን የሚተፋበትን መትፊያ ይዞ ሄደ።

ሔኖክ በሻይ ሰዓት፣ ተድላ በሌለበት፦ «እትዬ በዛወርቅ፣ የቢታን ቡና ላሸት ጎንበስ ብል የቢታን ልጅ አሸተትኩ።»

ከንፈሬ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ለራሴ ከምጽፍ አልደብቀውም።

ከዲጃ አልሳቀችም። «አንተም ዝም በል፤ አንተ ማታ የተቀባኸው ሽቶ ጠዋት ከአንተ ቀድሞ ነው የሚገባው።»

«ሽቶ አይደለም እኮ፤ ዲዮድራንት ነው።»

«ስሙን አልጠየቅኩህም።»

ማን ይንገረው? ወንድ ለወንድ ይሻላል ብዬ ለሥራ አስኪያጃችን ለጋሽ ሣህሌ ደወልኩ። «ቅጹ ላይ 'የግል ንጽህና' የሚል አለ አይደል? እዚያ ላይ ሙይው፤ አለቀ» አሉኝ። ስልኩን ዘጉ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ትናንት በዓል ስለነበር ገበያ ወጥቼ ሳሙና ገዛሁ። ጥሩውን። ዛሬ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ የተድላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ይገባዋል ብዬ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዬ መጣ። ሳሙናውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ ከራሱ አርቆ ይዞታል።

«እትዬ፣ ሰው ሳሙና ረስቷል መሰለኝ። ሽታ አለው። ከክፍሉ ላውጣው?»

«አውጣው» አልኩት።

ሌላ ምን ልለው እችል ነበር? ብዙ ነገር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ከዋጫ ከአንድ የገበሬዎች ማኅበር ናሙና ገባ። ዘንድሮ ካመጡት ጭነት ሁሉ ትልቁ።

ሔኖክ፦ ሻጋታ። ከዲጃ፦ ሻጋታ። እኔ፦ ሻጋታ። ተድላ፦ ንጹህ።

«ተድላ፣ ሻጋታው አልሸተተህም?»

«የለበትም እትዬ።»

«ሦስታችንን ሸቶናል።»

«እኔን አልሸተተኝም።» ጎንበስ ብሎ ደግሞ አሸተተ። «የለበትም።»

ሦስት ለአንድ። ውጤቱን ፈርሜ ላክሁት። ጭነቱ ከደረጃ ወረደ።

ከዚያ ቅጹን አወጣሁ። ንጽህና፦ ዝቅተኛ። የማሽተት ብቃት፦ ዝቅተኛ። ለጊዜው በእርሳስ ነው። እንዲህ ከሄደ ተድላ ግንቦት 8 ሻንጣውን ይዞ ቢታ ይገባል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ነገርኩት።

በረንዳ ላይ፣ ሌሎቹ ቡና ሲቆሉ። ዝናብ ነበር፤ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልፈለግሁም፣ ዝቅ ካደረግሁ ደግሞ አይሰማም። «ተድላ፣ እንደ ታላቅ እህት ቁጠረኝ…» ብዬ ጀመርኩ። መጥፎ ጅምር። ተውኩትና በቀጥታ አልኩት፦ «ሰውነትህና ልብስህ ይሸታል። አጠገብህ መቅመስ አልቻልንም።»

የሹራቡን እጅጌ አሸተተ። በደንብ፣ ናሙና እንደሚያሸት።

«እኔን አይሸተኝም።»

«የራስ ጠረን ለራስ አይሸትም።»

«በቀን ሁለቴ እታጠባለሁ እኮ እትዬ። ጠዋትና ማታ። በውሃ።»

«በሳሙናስ?»

«ደንቡ!» አለ።

የቱ ደንብ? በሩ ላይ የተለጠፈው። ተራ ቁጥር አራት፦ «ሽቶ፣ ቅባት፣ ሽታ ያለው ሳሙና ተጠቅሞ ወይም ልብስን ጭስ አስነክቶ ወደ ቅምሻ ክፍል መግባት ክልክል ነው።» በቃሉ አለልኝ። አንድ ቃል አልሳተም።

ስለዚህ በሳሙና አልታጠበም። እዚህ ሱቅ የሚያገኘው ሳሙና ሁሉ ይሸታል። ልብሱንስ? ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ቦንጋ ውስጥ ልብስ በፀሐይ ደርቆ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ማድቤት ምድጃ በላይ ይሰቅላል። እሱ ጭስ እንዳይነካው ብሎ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ዘርግቶ፣ በር ዘግቶ ያሰጣል። ሦስት ቀን ይፈጃል። አንዳንዴ አራት። አከራዩ እትዬ ተሾመች «አምጣ፣ እሳቱ ዳር ልስቀልልህ» ብለውት እምቢ ብሏቸዋል።

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት። ምን ማድረግ እንደማይቻል ጻፍኩ፤ ምን እንደሚቻል አልጻፍኩም። ሽታ የሌለው ሳሙና ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው… ለራሴ።

«ሔኖክ ያውቃል?» አለኝ።

«ያውቃል።»

«ከዲጃም?»

«አዎ።»

«እርስዎ ካወቁ ስንት ቀን ሆነዎት?»

«ሁለት ሳምንት።»

በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር ተናገረ። ለእኔ አልነበረም፤ ግን ገባኝ። እዚህ አልጽፈውም።

እስከ ሰኞ ፈቃድ ጠየቀ። ሰጠሁት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

የዋጫን ናሙና እንደገና አስቆላሁ። ተድላ የለም፤ ጋዎኑን ከማንጠልጠያው አውርጄ ውጭ አስቀመጥኩ። መስኮት ከፈትን፣ ወለል አጠብን፣ አንድ ሰዓት ጠበቅን።

ሔኖክ፦ ንጹህ። ከዲጃ፦ ንጹህ። እኔ፦ ንጹህ። ደግመን ቀመስን። ያው።

ከዲጃ ዞር ብላ መስኮቱን አየች። በመጨረሻ ሔኖክ፦ «ታዲያ ቅዳሜ ያሸተትነው ሹራብ ነበር?»

ሹራብ ነበር። ነፋሱ ከመስኮቱ ወደ ስኒዎቹ ነው የሚነፍሰው። ተድላን መስኮቱ ጋ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ላለመናገር ብዬ። እሱ ደግሞ የራሱን ጠረን ለምዶታል፤ ስለዚህ ከአራታችን ቡናውን ብቻ ያሸተተ እሱ ነው።

የዋጫ ሰዎች ምን አጠፉ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ጋሽ ሣህሌ ቢሮ። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው።

«የወጣ ውጤት ይመለሳል እንዴ?»

«ከተሳሳተ ይመለሳል።»

«ምክንያቱን ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«የክፍሉ አየር ንጹህ አልነበረም ብዬ።»

«የማን ጥፋት?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚኝ በዛወርቅ። ልጁ ሙከራ ላይ ነው፤ ጊዜውም እያለቀ ነው። አልቻለም ብለን እናሰናብተው። ነገሩም አብሮት ይሂድ። አንቺም ትድኛለሽ፣ እኛም እንድናለን።»

ቀላል ነበር። የተሞላው ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ በእርሳሱ ላይ በእስክሪብቶ መሄድ ብቻ ነው የቀረኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል አሰብኩበት። ከዚያ በላይ ሊሆንም ይችላል።

«ልጁ ያደረገው እኔ የጻፍኩትን ነው» አልኳቸው።

«ሰው ደንብ ሲያነብ ጭንቅላቱን አብሮ ይጠቀማል።»

«ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ስለተጠቀሙ ደንቡን አያከብሩትም። እሱ አከበረው።»

የልጁን መቀጠር የሚወስነው ኮሚቴ ነው አሉ። ሦስት ሰዎች፤ ሰብሳቢው እሳቸው። ማስተካከያውን በዚያው ቀን ለዋጫ ላክሁ። ጥፋቱ የክፍሉ ኃላፊ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ቅጹን ላጲስ አስነካሁት። ወረቀቱ ትንሽ ተላጠ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ተመለሰ። አይመለስም ብዬ ነበር።

ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ከእኔ ሳሙናዎች አራቱን ሰጠሁት፤ ተቀበለ፣ አንዱን አሸተተ፣ ከዚያ ኪሱ ከተታቸው። አራተኛው ደንብ ተቀይሮ ተለጥፏል፦ ሽታ የሌለው ሳሙና ከክፍሉ ይሰጣል፤ እርጥብ ልብስ ይዞ የመጣ እዚሁ ካውያ አለለት። ካውያውን ያመጣችው ከዲጃ ናት፣ ከባሏ ሱቅ።

እሷ ነገረችው፤ ሁላችን ፊት። «ወረቀቱ ላይ ፈርሜያለሁ። መጀመሪያ ላንተ መናገር ነበረብኝ። አፉ በለኝ።»

«እሺ» አለ።

ሔኖክ ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም… ማለቴ ቀልዱን ሁሉ አልሰማህም አይደል?»

«የትኛውን?»

«ተወው በቃ!»

ተድላ አልሳቀም። ምሳ ብቻውን በላ። ሲናገር የሚናገረው ስለ ቡና ነው። ሽታው ጠፍቷል… ሌላው ነገር አልጠፋም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ጠዋት ቆጮ በቆጭቆጫ በልቼ ነበር። አፌን ተጉመጥምጬ በቂ መሰለኝ። ጋዎን ለብሼ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ። ተድላ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላሉ። ይህን ናሙና ከሰዓት ብናደርገው?»

ሔኖክ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ከዲጃ ስኒ ማስተካከል ጀመረች። እኔ… ፊቴ ጋለ። በስልሳ ዓመቴ ልጅ ሆንኩ። ለአንድ አፍታ ተቆጣሁም፤ ይህም ይጻፍ።

ከዚያ «ልክ ነህ» ብዬ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ። ከገባሁ ሦስት ደቂቃ። እሱ ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀበት።

ከሰዓት ቀመስን። አራታችንም አንድ ዓይነት ውጤት ጻፍን።

ሲወጣ አስቆምኩት። ቅጹን አሳየሁት፤ ደንቡ አሳዪው አይልም፣ አታሳዪውም አይልም። የማሽተት ብቃት፦ እጅግ ከፍተኛ። ንጽህና፦ ጥሩ፤ ከሥሩም የሆነውን በሦስት መስመር ጽፌያለሁ። ቆሞ ሁሉንም አነበበ።

«ኮሚቴው ይቀበላል?»

«አላውቅም። ጋሽ ሣህሌ አልወሰኑም፤ ሌሎቹን ሁለቱን አላናገርኳቸውም።»

«ቢቀበሉስ፣ እቆያለሁ ብለው ነው?»

ይህን አልጠበቅሁም። «አትቆይም?»

«ቢታ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። አንቺም ይሸትሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ የካቲት ላይ ስትሄድ አልሸተትከኝም አለች። አሁን ስትመጣ ግን ሸተትከኝ አለችኝ። ገና በር ላይ እንደቆምኩ ነው የነገረችኝ።» ጃንጥላውን ዘረጋ። «እዚህ ሁለት ሳምንት ዝም አላችሁ። አሁን ሌላ ነገር ባጠፋ በስንት ቀኑ ነው የምሰማው እያልኩ ነው።»

«ዛሬ አንተ ነገርከኝ» ብቻ አልኩት።

«እሱማ ሥራ ነው» አለ። «ላስብበት እትዬ። እነሱ ሲወስኑ እኔም እነግርዎታለሁ።»

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዓርብ ግንቦት 8፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።