የቀለለው የአባባ ሽጉጥ

ቢቸና፣ እሑድ፣ የካቲት 9

ዛሬ አባባን ልጠይቅ ከሞጣ መጣሁ። ወንድሜ ሙላት ጓደኞቹን ሰብስቦ ጠላ ይጠጣል። አባባ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆየ፤ ከጦር ሜዳ ይዘውት የተመለሱትን ያን ከባድ ሽጉጥ ግን ዛሬም በዳበሳ እየፈቱ በዘይት ይወለውሉታል። እንደ ልማዳቸው ከትራስ ሥር አውጥተው በእጃቸው መዘኑት።

«ሙላት፣ ይኼ ነገር ቀለለኝ» አሉ።

«ጉልበትዎ ተመልሶ ነዋ፣ አባባ!» አለና ጓደኞቹን ጠቀሳቸው።

ካዝናውን ሲስቡት ትንንሽ የላስቲክ ጥይቶች ወለሉ ላይ ተበተኑ። ለካ ሙላት እውነተኛውን ሸጦ፣ መልኩ ቁርጥ እሱን የሆነ መጫወቻ ተክቶባቸው ኖሯል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባባ ተንበርክከው ጥይቶቹን ሲለቅሙ ከሙላት ጓደኞች አንዱ በእግሩ እየገፋ አራቀባቸው። «ተዉ!» ብዬ ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም።

አባባ ቀና ብለው «መሣሪያውንስ ሸጥኸው። ልጄን ማን ለወጠብኝ?» አሉ።

ሙላት ድምፃቸውን እያስመሰለ ደገመላቸው፤ እንደገና ተሳቀ።

አባባ ጓዳ ገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ። ራት ይዤ ሳንኳኳ «ማን ነሽ?» አሉኝ።

«ልጅዎ ነኝ» ብላቸው አልከፈቱልኝም።