በቃጫ ያሰርሁት ገመድ

ሰኞ፣ ግንቦት 4
የቅዳሜው መብረቅ የኢንተርኔቱን ራውተር አቃጥሎብናል። ዛሬ ከፈድሉ ሱቅ አዲስ ገዛሁ። አዲስ አበባ ካለችው ልጃችን ከኤልቤቴል ጋር ፊት ለፊት የምንተያየው በዚሁ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ቀጭን ገመድ ግን ወለሉ ላይ ተዝረክርኮ አገኘሁት። ሥርዓት የሌለው ነገር በቤቴ አያድርም። እንደ ዳዊቴ ማኅደር ማንገቻ አጣጥፌ፣ ከወናጎ ባመጣሁት የእንሰት ቃጫ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁት። አማረ። ከዚያም ሰካሁት... ቀይ መብራት ብቻ በራ፤ ኢንተርኔት የለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
አሁንም ቀይ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ዕቃውን ይዤ ወደ ፈድሉ ሄድሁ። ደጀኔና ሌሎች የዕድራችን ሰዎች ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።
«መሪጌታ፣ ቀይ ከሆነ ዕቃው አይደለም። ገመዱን ይዩት» አለኝ ፈድሉ።
«ገመዱንማ በገዛ እጄ ነው ያሰርሁት!»
«እሱን ነው እኮ የምፈራው» አለ ደጀኔ። ሳቁ።
ደሜ ፈላ። ፈድሉን በሰው ሁሉ ፊት «ሌባ!» አልሁት። ሌላ ራውተር ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጠኝ።
ቤት ገብቼ ሰካሁት። ቀይ! ሁለቱም ተበላሽተው ይሆን? ሚስቴ ሙሉወርቅ ከጓዳ ሆና «ሃያ ዓመት ጎረቤታችን ነው፤ መቼ አታሎን ያውቃል?» አለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
አንድ የጨለለቅቱ ከተማ ሰው ከፈድሉ የገዛውን ዕቃ መለሰለት አሉ። «መሪጌታ ካሉማ እውነት ነው» ብሎ... በእኔ ቃል!

ዓርብ፣ ግንቦት 8
ሙሉወርቅ ያስጠራቻት የመስመር ጠጋኟ ፀጋ መጣች።
«አባባ፣ ይህን ማን ነው እንደ ጎመን ያሰረው?»
ወንበር አቀረብሁላት።
«ሽቦ እኮ አይደለም፤ ውስጡ መስታወት ነው። ከጸጉር አይወፍርም። ብርሃን ነው የሚያልፍበት፤ ሲታጠፍ ይሰበራል።»
መፈተሻ መብራቷን በአንዱ ጫፍ ሰካች። ቃጫዬ ካረፈበት እጥፋት ላይ ቀይ ብርሃን አፈተለከ። መስታወት? በዚህ ገመድ ውስጥ? ሰባሪውስ... እኔ? «በሐሰት አትመስክር» እያልሁ አርባ ዓመት ያስተማርሁት?
የተሰበረውን ቆርጣ ቀጠለችው። አረንጓዴ በራ። የፈድሉ ዕቃ አንዳች እንከን አልነበረበትም።

እሑድ፣ ግንቦት 10
የዕድር ስብሰባ። የሰው ስም ያጎደፈ በጉባኤው ፊት ቆሞ ይናገር፤ ተበዳዩ «ተቀመጥ» እስኪለውም አይቀመጥ የሚለውን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሌሎችን አቁሜበታለሁ። ዛሬ ተነሣሁ።
«ፈድሉ ሐቀኛ ነው። ገመዱን የሰበርሁት እኔ ነኝ። ሌባ ያልሁት በሐሰት ነው።»
ፈድሉ መሬት መሬቱን ያያል። ምን ያህል ቆምሁ? አላውቅም... ኋላ ቀና አለ።
«ይቀመጡ፣ መሪጌታ። ጉልበትዎን ያምዎታል።»
ይቅር ብያለሁ አላለም። ይቀመጡ ብቻ።
ቤት ስገባ ገመዱ ወለሉ ላይ እንደ ፈቀደው ተጋድሟል። እግሬን አንሥቼ ተሻገርሁት።