የሱንዱስ እንገር

ዙሌይካዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ፖስት ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ የሐይቅ ውኃ ነው፤ እኔ እንኳ እስካሁን በጤና ጣቢያው መስኮት ብቻ ነው ያየሁት። ሱንዱስ ልጄ ያለ ወሯ ወልዳ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጭብጥ የምታህል ልጅ አያት ሆንኩልሽ! ድካሙ ግን ወገቤን ቆርጦታል።

ሕፃኗ መጥባት አቅቷት ስንጨነቅ፣ የሱንዱስ አማት እትዬ ዑምኩልሱም «አንጀቷ ይለስልስ» ብለው ቅቤ በጣታቸው ይዘው መጡ። ነርሷ ብድግ አለች፦ «ኧረ እማማ! አንጀቷ ገና ስስ ነው። የሚያሳድገውና የሚያጠነክረው ነገር ያለው የእናቷ ቢጫ ወተት ውስጥ ነው።»

«የሰው እንገር ሆድ ይነፋል!» ብለው ተቆጡ።

እኔ ዝም እላለሁ? «እትዬ፣ ጥጃ ሲወለድልዎት እንገሩን ይነፍጉታል?» አልኳቸው። እኛስ ሰፈር ቢሆን የላሟን ተሻምተን እየበላን የሰዉን እንደፋ የለ!

ሱንዱስ እያንቀላፋች ጡቷን በእጇ አለበች። ጠብታዋን ለሕፃኗ በማንኪያ ብናደርግላት፣ ወላሂ፣ ዋጠቻት! እትዬም ቅቤውን ሱንዱስ አናት ላይ አድርገው እያሹ «በይ እንግዲያው ላሚቱ ትቀባ» አሉ። ከነድካማችን ሳቅን።

ዛሬ እትዬ ማንኪያውን ከእጄ ነጥቀው አልሰጥም ስላሉ ነው ይቺን ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት። ቦታ አለቀብኝ፤ ሳጂዳን ሳሚልኝ፣ ለባድሩ ሰላም በይልኝ፣ ለልጅቱም ዱዓ አድርጉላት። አሁን ልተኛ ነው።

ሙጂባሽ