የቅጠሉ መታጠፊያ

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ሸዋ
ቡታጅራ

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ በዚህ ዝናብ እንዴት ሆነ? እናታችን እንዴት ናቸው? ዓይናቸው ከሰኔ ወዲህ ተሻለው ወይስ እንደዚያው ነው? ባለቤትዎ ጋሼ ደርበው ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጅዎ ጥሩስ ፈተናዋን አለፈች? እኔም፣ ባለቤቴ ፅጌረዳም፣ ልጆቹም አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል። ብቻ አደራ፣ ለእናታችን ከማንበብዎ በፊት ለብቻዎ ያንብቡት።

በቅድሚያ ስለ ጉዞው ላጫውትዎ። ለመስቀል መጥቼ እናታችንን በመኪና ተራራ ለተራራ አዙሬ የዝዋይን ደሴቶች አሳያቸዋለሁ ያልኩት ቀልድ አልነበረም። ወንድማችን ወልደ የሱስ ሾፌር በሆነ በዓመቱ ለእናታችን የገባው ቃል ነውና፣ እሱ ከጠፋ ስምንት ዓመት ስለሆነው እኔ ልፈጽምለት ብዬ ነው። በጨረታ የገዛኋት አሮጌ ላንድሮቨር ዛሬ ሙሽራ መስላለች። ፅጌረዳ እንዲያውም መኪናህን ታቅፈህ እደር እያለች ትቀልድብኛለች። መንገዱን ሁሉ በደብተር ጽፌው ነበር። ከመቱ ማልጄ ተነስቼ በበደሌና በአጋሮ አድርጌ ጅማ አድራለሁ። በማግስቱ የጊቤን በረሃ ወርጄ ወጥቼ በወልቂጤ በኩል እናንተ ጋ እገባለሁ። መስቀልን በልተን ስናበቃ ሁላችንም ተጭነን መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ ዘቢዳር ላይ እንወጣና እናታችን የተወለዱበትን አገር ከላይ ሆነው ያዩታል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ዝዋይ፣ ከዳር በጀልባ እስከ ደብረ ጽዮን ደሴት። እርስዎ መኪና ያዞርዎታልና ሎሚ መያዝ አይርሱ ብዬም ጽፌ ነበር፤ የወልቂጤውን አውቶቡስ እስካሁን አልረሳሁትም። የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀቱን ሊጽፍልኝ ቃል ገብቷል። የነዳጅ ኩፖኔንም ከጥር ጀምሬ እየቆጠብኩ ስድስት ጀሪካን ቤንዚን አጠራቅሜ ነበር።

የቀረው ፍሬኗን መፈተን ብቻ ነበር። መካኒኩ ደበሳ፣ እዚሁ መቱ ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ ነው፣ ፍሬን የሚታወቀው በቁልቁለት ስለሆነ ጎሬን አልፈን ወደ ቡሬ እንሂድ አለኝ። እኔ ወልደ የሱስ ከጠፋ ወዲህ በዚያ በኩል ዝር ብዬ አላውቅም። የሰው መኪና ከነጫነው ቡና ይዞ በጋምቤላ ወደ ሱዳን ተሻገረ የተባለው በዚያ መንገድ ነው። ስንት ሰው ሌባ ሲለው አንገታችንን ደፍተን እንደኖርን እርስዎም ያውቁታል። ቢሆንም እምቢ ማለት አፈርኩና ሐምሌ ገብርኤልን ስመን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወጣን።

ጎሬን እንዳለፍን ጉም ወረደብን። የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ በደንብ አይታይም ነበር። አንድ ቁልቁለት ጨርሰን ወደ መታጠፊያ ስንቃረብ መሐል መንገድ ላይ ቅጠል ተጥሎ አየሁ። መኪና የተበላሸበት ሾፌር ከኋላ የሚመጣው እንዲጠነቀቅ ቅርንጫፍ ቆርጦ እንደሚጥል ያውቃሉ። ፍጥነት ቀነስን። ትንሽ ሄድ ብለን ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ቅጠል አገኘን። ታጥፈን ስናይ ግን መንገዱ ባዶ ነው፤ የቆመ መኪና የለም፤ ሰውም የለም። ቅርንጫፉ ገና ያን ዕለት የተቆረጠ ነበር፣ ቁስሉ ነጭ ነው፣ ፈሳሹም አልደረቀም። ደበሳ መሪውን እንደያዘ፣ ይሄ የቅጠሉ መታጠፊያ ይባላል፣ ሾፌሩ ሁሉ ቀስ ብሎ ያልፈዋል እንጂ የሚወርድ የለም አለኝ። እሱም እንደማይወርድ ነገረኝ።

እኔ ወረድኩ። የወረድኩትም በቋጠሮው ምክንያት ነው። ቅርንጫፎቹ በቃጫ ታስረዋል፣ ቃጫው ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተመልሷል። እትዬ፣ እናታችን ቆጮ ሲያስሩ የሚቋጥሩትን ያውቁት የለም? ለኛም ለልጆቻቸው ያስተማሩን እሱኑ ነው። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ስኖር ከኔ ሱቅ በቀር ያን ቋጠሮ የትም አላየሁም። ጎንበስ ብዬ ቋጠሮውን በጣቴ ዳሰስኩት።

ያኔ ከጉሙ ውስጥ አንዲት ባልቴት ብቅ አሉ። ስማቸው ዋሪቱ ነው። ጎረቤቶቻቸው ዘንድሮ በመንደር ምሥረታው ቤታቸውን እያፈረሱ ሄደዋል፣ በየቦታው የቀረው ምድጃና ጉድጓድ ብቻ ነው፤ በዚያ መሐል የቆመው የሳቸው ጎጆ ብቻውን ነው። አካም ቡልታን ብለው ሰላም አሉን። ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ በኦሮምኛ፣ «መኪናውን ልታነሱ መጣችሁ?» አሉኝ።

የነገሩኝን እንዳለ ልጻፍልዎ። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሾፌር ቡና ጭኖ ከቡሬ ሲመጣ እዚያ ቦታ ፍሬን እምቢ አለው። መኪናውን በድንጋይ አስደግፎ ቅጠሉን ጣለ። አስተሳሰሩን ለሳቸው አሳያቸውና፣ ዕቃ ይዤ እስክመለስ፣ መኪናው እስኪነሳ ድረስ ቅጠሉን አደራ ብሎ በእግሩ ወደ ቡሬ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በዚያው አቅጣጫ አለፉ፣ ቆይቶም ተኩስ ተሰማ። ዘመኑን እርስዎም ያስታውሱታልና ከዚህ በላይ ወረቀት ላይ አላሰፍርም። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ የመንገዱን ጠርዝ ናደውና መኪናው ገደል ገባ። እሳቸው በፍርሃት ለማንም አልተናገሩም፤ አደራቸውን ግን አልበሉም። ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር አዲስ እየቆረጡ፣ ባሳያቸው ቋጠሮ እያሰሩ፣ ይኸው ስምንት ዓመት ሆናቸው።

ደበሳም ይህን ሲሰማ ወረደ። ሐረግ ይዘን ገደሉን ወረድን። መኪናውን ያገኘነው በቡና ዛፍ ምልክትነት ነው። የጫነው ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለው ቡና፣ በቅሎ፣ ልክ በመኪናው ቁመትና ስፋት ቡናው ተሰልፎ ቆሟል፤ ዙሪያውን ግን አንድም የቡና ዛፍ የለም። ታርጋውን በእጄ ጠርጌ አነበብኩት። ወልደ የሱስ ይዞት ጠፋ የተባለው መኪና ነው። በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ ቁልፉ ከሱ ጋር ሄዷል። እትዬ፣ ወንድማችን ሌባ አልነበረም። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው።

ስንወጣ ባልቴቷ በቆሎ ጠብሰው ጠበቁን። እኛ ሁለት ነን፣ በቆሎው ግን ሦስት ነው። ሦስተኛው የማን እንደሆነ ብጠይቃቸው የባለ መኪናው ነው አሉኝ። ጉም በወረደ ቁጥር ከቡሬ በኩል በእግሩ ይመጣል፤ መኪናዬ ተነሳ ወይ ይለኛል፤ አልተነሳም ስለው ይመለሳል፤ ልብሱን ዝናብ ነክቶት አያውቅም አሉ። ይህን ያወሩኝ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው ነው። እኔም እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

እሳቸውም ከመስቀል በኋላ ወደ አዲሱ መንደር መሄዳቸው የግድ ነው፤ እጃቸውም አብጧል። ስለዚህ ቅጠሉን ላንሳው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንሱት ማለት አቃተኝ። እናታችን፣ ልጄ ሱዳን ነው፣ ይመጣል እያሉ በየመስቀሉ ድርሻውን ሲያስቀምጡ ታየኝ። የወንድማችንን ስም ላጠራለት ከፈለግሁ ተስፋቸውን በገዛ እጄ ልወስድባቸው ነው። ገና ነው አልኳቸውና ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እየሄድኩ ቅጠሉን የምቆርጠው እኔ ሆኛለሁ።

ነሐሴ አሥር ቀን ሦስተኛውን ቅጠል ሳስር፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ በቡሬ በኩል፣ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጭቃ የሚረግጥ ጫማ ነው። መጥቶ መጥቶ ጉሙ ውስጥ ቆመ። ደበሳ መኪና ውስጥ ነው፣ ባልቴቷም ቤታቸው ናቸው። ማነህ ልል አፌን ስከፍት የወጣኝ ቃል ግን «ገና አልተነሳም» የሚል ነበር። ኮቴውም ዞሮ ተመለሰ። ደበሳ ምንም አልሰማሁም ይላል፤ ትናንት ግን አብሮኝ አልሄደም።

እንግዲህ ቤንዚኑ በዚህ ምልልስ አልቆ የቀረችው አንድ ጀሪካን ተኩል ናት፤ ጅማም አታደርሰኝ። ስለዚህ ጉዞው አቅጣጫውን ይለውጥ። ጋሼ ደርበው ፈቃዳቸው ከሆነ እርስዎ እናታችንን ይዘው ለመስቀል በአውቶቡስ ወደ መቱ ይምጡ። የቀረችው ቤንዚን እስከዚያ መታጠፊያ አድርሳ ትመልሰናለች። ወልደ የሱስ አንድ ቀን እንኳ ሳናለቅስለት ስምንት ዓመት በእግሩ ሄዷል፣ ይበቃዋል። ቅጠሉን እኔ አላነሳም፣ እርስዎም አያንሱት፤ እናታችን በእጃቸው ያንሱት። እንዴት አድርገው እንደሚነግሯቸው ግን እርስዎ ያውቁበታል፤ እኔ ልቤ አይችልም።

ለጋሼ ደርበው የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ጥሩን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ደሴቶቹን ያው አንድ ቀን ታያቸዋለች። ፅጌረዳና ልጆቹ ሁላችሁንም አንድ በአንድ ሰላም ብለዋል። የእናታችንን ጉልበት ስመው፣ ቋጠሯቸው እስከ ዛሬ እንዳልተፈታ ይንገሩልኝ።

ወንድምዎ
ገብረ መስቀል

መቱ፣ ኢሉባቦር
ነሐሴ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.